መሸኛ የተከለከለችው የዝሆን ልጅ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የአብዮት በዓል ሊከበር ሦስት ሳምንት ግድም ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አልፏል። ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ እናቴን ቀብሬያለሁ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙውን ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ የማልረሳውም ስለሚያሳዝነኝ ብቻ አይደለም፣ ስለሚያናድደኝ ነው። ሰዎች "ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው" ይሉኛል። አልተውም። የተናደደ ሰው ወሬ የማይወድ ከዚሁ ማንበቡን ያቁም።

ያኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት ስኳርና ጨው በጥብጬ አጠጣለሁ። ሰፈሩ ግን "ሲስተር" ነበር የሚለኝ፤ አይደለሁም ብል ማን ሊሰማኝ። ባለቤቴ ጌታሁን አስተማሪ ነው። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ባለች የቀበሌ ቤት ነበር። ግቢው ከተወረሰ በኋላ ለሦስት ቤተሰብ ተከፋፍሏል። ከፊት ያለው ቤት የጋሽ ደምሴ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ከጎን እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ይኖራሉ። ከኋላ ደግሞ ድሮ ፈረስ ይታሰርበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ማገዶ እናስቀምጥበት ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ቡና ጭነው ከጅማ መስመር ተመለሱ። ሁልጊዜ ሲመጡ ወይ ማር ወይ ሙዝ ስለሚያመጡልን መኪናቸው ሲቆም ሁላችንም ብቅ እንላለን። ያን ቀን ግን መኪናውን ግቢ ድረስ አስገብተው በሩን ዘጉትና "ሲስተር፣ ነይ እስቲ፣ ሸክሜን እዪልኝ" አሉኝ። ሸራውን ሲገልጡት ከቡና ጆንያዎቹ መሃል፣ ጀርባዋ በባዶ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ የዝሆን ልጅ ቆማለች።

"ወይ ጉድ" ከማለት በቀር ምን እላለሁ። እሷም አየችኝ። ዓይኗ ውሃ ያቀረረ ነው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ጋሽ ደምሴ የነገሩን ይህን ነው። በቆላው ጫካ ዳር ሲያልፉ እናቷን አገኟት። በጥይት ተመትታ፣ ፊቷ በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ ጥርሷ ተወስዶ መንገድ ዳር ወድቃለች። ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች። የአካባቢው ሰዎች እንዲህ ስትቆም ሁለት ቀኗ ነው አሏቸው። ጋሽ ደምሴ ከንፈራቸውን መጠው መኪናቸውን አስነሱ። ልጅቷ መኪናውን ተከትላ መሮጥ ጀመረች። ቆሙ። መጥታ ኩምቢዋን የሞቀው ሞተር ላይ አሳረፈች። "ጥያት ብሄድ ዕድሜ ልኬን በመስታወቴ ስትሮጥ ትታየኛለች" አሉን። በየኬላው ምን ጭነሃል ሲሏቸው "ሸክም" እያሉ አለፉ። ስሟም በዚያው ሸክሜ ሆኖ ቀረ።

ዝሆን እንዴት እንደሚያዝ ማናችንም አናውቅም። ምን ብለን እንደምንጠራትም ተጨቃጨቅን። ጌታሁን "ግልገል" አለ። ጋሽ ደምሴ "የምን ግልገል፣ ፍየል ናት እንዴ? ጥጃ ነው የሚባለው" አሉ። እትዬ ዘነበች ከቤታቸው ወጥተው ለትንሽ ጊዜ አዩዋትና "ልጅ ናት" አሉ። በዚሁ ጸና።

የመጀመሪያውን ቀን የላም ወተት ገዝተን በባልዲ አቀረብንላት፤ መጠጣት አቃታት። ጣቴን ወተት ነክሬ አፏ ውስጥ ስከትላት ጥብቅ አድርጋ ጠባችው። በወፍራም ጠርሙስ ላይ የጎማ ጡት ሠርተን ሰጠናት፤ ደስ አላት፣ ጨለጠችው። እኛም ደስ አለን። በማግስቱ ተቅማጥ ጀመራት። በሦስተኛው ቀን እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ ሥራ ስሄድ ጌታሁን ቀበሌ ተጠርቶ ስለነበር እትዬ ዘነበችን አደራ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሸክሜ ተዘርራ አገኘኋት። እትዬ ዘነበች እጃቸው በቅቤ ርሷል። "አንጀቷ ደርቆ ነው ልጄ፣ ለጋ ቅቤ አዋጥኳት" አሉኝ። እኔ ጤና ጣቢያ "ለአራስ ልጅ ቅቤ አታውጡ" እያልኩ ስጮህ የምውለዋን ሴትዮ፣ በገዛ ግቢዬ ዝሆን ቅቤ ውጣ ትጠብቀኝ! ደሜ ፈላ። በእናት ዕድሜ ያሉትን ሰው "ገደሏት፣ በቃ ገደሏት" አልኳቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ያን ቀን ስኳርና ጨው በባልዲ እየበጠበጥኩ፣ እንደ ሕፃኖቼ በትንሽ በትንሹ፣ እስኪመሽ አጠጣኋት።

በማግስቱ ጌታሁን የዱር አራዊት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዶ አንድ ወጣት ባለሙያ ይዞ መጣ። በአውቶቡስ ጦር ኃይሎች ወርደው ቀሪውን በእግራቸው ስለመጡ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሸክሜን ሲያያት እንደ እኛ አልተደነቀም፤ ጎንበስ ብሎ ምላሷን፣ ጆሮዋን፣ እበቷን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረን። የላም ወተት ቅባት ለዝሆን ልጅ መርዝ ነው። የሚያስፈልጋት ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ነው፣ ከሩዝ ውሃ ጋር፣ በየሦስት ሰዓቱ። ለደቂቃም ብቻዋን አትተዋት፤ ብቻዋን ከሆነች በሐዘን ትሞታለች። ብርድ ልብስ ስቀሉላት፣ የእናቷ ሆድ ይመስላታል፣ ኩምቢዋን እሱ ላይ አሳርፋ ትጠባለች። ከሁሉም በላይ ከብርድ ጠብቋት።

እኔም መቼ እንደሚወስዳት ጠየቅሁት። ወደ ደቡብ ምዕራብ ቆላ፣ ጫካ ዳር፣ የታጠረ ቦታ አለን አለ። ሁለት ጠባቂዎች አሉ። ከዚህ በፊት እናቱ የተገደለችበትን አንድ ሌላ ልጅ አሳድገዋል። ቀን ከጠባቂዎቹ ጋር ጫካ ይወርድና ማታ ይመለስ ነበር። እያደር የዱሮቹን ድምፅ እየሰማ ራቅ ራቅ ማለት ጀመረ፤ አንድ ቀን አልተመለሰም። "ያን ቀን የእኛ ሥራ አለቀ" አለን። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደዚያ የሚወርደው በጳጉሜ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ መኪኖች ሁሉ ለበዓሉ ይታዘዛሉ፤ እስከ ጥቅምት ሌላ አይገኝም። ኮልፌ ብርድ ላይ እስከ ጥቅምት አትቆይም። ስለዚህ ሥራችን ግልጽ ነበር፦ እስከ ጳጉሜ በሕይወት ማቆየት፣ መኪናው ላይ መጫን። በቃ።

ቅባት የሌለው ወተት የት ይገኛል? ያለው አንድ ቦታ ነው። በቀበሌው መጋዘን የእርዳታ የዱቄት ወተት በጆንያ ተከምሯል። ሰዉ ጣዕሙን ስለማይወድ የሚወስደው የለም፤ ግማሹ ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። የሚታደለው ግን እናት አባት ለሌላቸው ልጆች፣ በስም ዝርዝር ብቻ ነው። እኔ ቃል አቀበልኩ፣ ጌታሁን በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈቱ ማመልከቻ ጻፈ። "ወላጅ አባቷ የማይታወቅ፣ ወላጅ እናቷ በጥይት የሞተችባት፣ ዕድሜዋ ሦስት ወር ግድም የሚሆን አንዲት ሴት እጓለ ማውታ በግቢያችን ስለምትገኝ፣ የወተት ዕደላ እንድታገኝ እንጠይቃለን።" እስቲ የትኛው ቃል ነው ሐሰት? እየጻፍን ስቀናል፤ አልዋሽም።

የቀበሌው ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል መዝገቡን ገለጠ። በጥይት የሚለውን አንብቦ ምንም አልጠየቀኝም። በዚያን ጊዜ እናቷ በጥይት ሞተች ሲባል ማን ይጠይቃል? "ስም?" አለኝ። ሸክሜ። "የአባት ስም?" እዚህ ላይ ተደናገርኩና "ደምሴ" አልኩ። ጻፈ። ሸክሜ ደምሴ፣ ሴት፣ ሦስት ወር። ማኅተም መታበት። ሁለት ጆንያ ወተት አሸክሜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የደስታ ነበሩ፤ ይህንንም መካድ አልፈልግም። ተቅማጡ ቀጥ አለ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ጌታሁን ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ይውል ነበር። ጋቢውን ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ሰቀለላት። ኩምቢዋን እዚያ ላይ ታሳርፍና ዓይኗን ጨፍና ትጠባለች። እሱ ማገዶ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሽንት ቤት ሲገባ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ከዘገየ በሩን ትገፋዋለች። ከውስጥ "ኧረ እባክሽ፣ አንዴ ታገሺኝ" ሲላት እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ጭቃ ትረጫለች፣ የልብስ ገመዴን በጥሳ አንሶላዬን ለብሳ ግቢውን ትዞራለች። እትዬ ዘነበችን ይቅርታ ለመጠየቅ ስንቴ ቃጣሁ፤ አላደረግሁትም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ የሩዙን ውሃ አፍልተው በራችን ላይ ያስቀምጡልን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተደብቆ አይቆይም። ከሳንሱሲ ሳይቀር ሰው እየመጣ በአጥር ማየት ጀመረ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ መጣ። ያኔ በስብሰባ ላይ "እርስዎ" እለው ነበር፤ ዛሬ አንተ ነው የምለው። ሸክሜን አይቶ ሳቀ፣ ጆሮዋን ዳበሳት። ደግ ሰው መሰለኝ። በማግስቱ ቢሮው አስጠራኝ።

መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቷል። ባለፈው ዓመት ሰልፍ ቀበሌያችን ደካማ ተብሎ መወቀሱን ነገረኝ። ዘንድሮ ግን ዝሆን ይዘን እንወጣለን አለ። ቀይ ጨርቅ ይደረብላትና "አንድነታችን እንደ ዝሆን የጠነከረ ነው" ተብሎ ይጻፍባታል። እኔ የመኪናውን ነገር፣ የብርዱን ነገር፣ የባለሙያውን ቃል ሁሉ አስረዳሁት። ተናግሬ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ጣቱን መዝገቡ ላይ አኖረ።

"ዝሆን ናት ካልሽ የሕፃናትን ወተት አጭበርብረሽ ወስደሻል" አለኝ። "የለም፣ እጓለ ማውታ ናት፣ የቀበሌያችን ነዋሪ ናት ካልሽ ደግሞ ነዋሪ ያለ መሸኛ ከቀበሌ አይወጣም። መሸኛ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከበዓሉ በኋላ እሰጥሻለሁ። የቱን ትመርጫለሽ?"

ለማያውቅ ልንገር። ያኔ ሰው ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ሲሄድ መሸኛ የሚባል ወረቀት ይጻፍለታል፤ ያለ እሱ የትም ተቀባይነት የለውም፣ ከኬላም ይመልሱታል። ለዝሆን መሸኛ! ባለሙያው ይህን ሲሰማ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይበቃል ብሎ ሊያስረዳ ሄደ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አንብቦ መለሰለት፤ ግቢያችን በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አቆመ። ነገሩን ለነዋሪው ስብሰባ አቀርበዋለሁ፣ ሕዝቡ ይወስናል አለ። ያቺን ስብሰባ ተስፋ አደረግኳት። ሰፈሩ ሸክሜን ይወዳታል፤ እውነቱ ከተነገረው እምቢ አይልም ብዬ አምኜ ነበር።

ስብሰባው የነሐሴ የመጨረሻው እሁድ ጠዋት ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ደምሴ ጭነት ይዘው ሄደዋል። እኔና ጌታሁን ከመሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ እትዬ ዘነበች ከፊታችን። መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ሊቀመንበሩ የዝሆኗን ነገር አቀረበ። አሳምሮ ነው ያቀረበው፤ የመኪናውን ነገር ግን አላነሳም። እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። ጌታሁን ቀሚሴን ከኋላ ጎተት አደረገኝ። አልተቀመጥኩም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ልጅ የቆላ ፍጥረት ናት፣ ይህ ብርድ ይገድላታል" አልኩ። "የሚወስዳት መኪና በዚህ ሳምንት ይሄዳል፣ ሌላ የለም። ዝናብ ላይ አቁመናት ብትሞት፣ የገደላት ይህ ስብሰባ ነው።"

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ። "ይህ ስብሰባ ማለት ሰፊው ሕዝብ ማለት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ ነፍሰ ገዳይ ነው እያልሽ ነው?"

በዚያ ዘመን ያልኖረ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ አይገባውም። የጌታሁን ታናሽ ወንድም ከዓመታት በፊት "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከቤት ወጥቶ ነው የቀረው። ጥያቄው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። እኔ አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል ጌታሁን ተነሣ። ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያስተምርበት ድምፅ ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለቤቴ እንቅልፍ ካጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ የምትናገረውን አታውቅም። እኔም እሷም የቀረበውን ሐሳብ እንደግፋለን።"

እሷም! ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለና የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። እጆች ወጡ። የጎረቤቶቼ፣ መርፌ የወጋኋቸው፣ ልጆቻቸውን ያከምኩላቸው፣ በአጥር ላይ ተንጠልጥለው ሸክሜን ሙዝ ያበሏት ሰዎች እጅ። ጌታሁን ቀኝ እጁን አወጣ። በግራ እጁ የእጄን አንጓ ያዘና አነሳው። ጸሐፊው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየዞረ በእስክሪብቶው እየጠቆመ መቁጠር ጀመረ። እትዬ ዘነበች ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ወለሉን ያያሉ። ጸሐፊው አልፏቸው ሄደ። አዛውንት ናቸው፣ አልሰሙ ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ተብሎ ተጻፈ።

መኪናው በቀኑ መጣ። በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ባዶውን ሄደ። ባለሙያው አልተቆጣኝም፣ አልወቀሰኝም። ወረቀት አውጥቶ የወተቱን አሠራር እንደገና ጻፈልኝ። ያ ነው የባሰ ያቃጠለኝ።

በማግስቱ የሰልፍ ልምምድ ነው ተባለ። ሸክሜ ደግሞ ከጌታሁን በቀር ማንንም አትከተልም። ስለዚህ ማን ይዟት ወጣ? እሱ። ሜዳው ላይ ከበሮ እየተመታ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ቆሙ። አምስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ከሥራ ወጥቼ እየሮጥኩ ስደርስ ቀዩ ጨርቅ ረጥቦ ቀለሙ በጎኗ ይወርዳል፤ ጌታሁን ኮቱን አውልቆ ጀርባዋ ላይ አድርጎላት በሸሚዙ ይንቀጠቀጣል። እንውሰዳት ስለው "ሰልፉ ሳይበተን አይቻልም" አለኝ። ዓይኔን አላየኝም።

ማታውኑ ሳል ጀመራት። የዝሆን ሳል ሰምታችሁ አታውቁም፤ እንደ ሽማግሌ ሳል ነው። ከጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን አመጣሁ። ለዝሆን ስንት እንደሚሰጥ ማን ያውቃል፤ በግምት ወጋኋት። ወተቱን ተወችው። ከዚያ ውሃውን ተወችው። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ጌታሁን አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ ኩምቢዋን እጅጌው ውስጥ እንዳስገባች ሞተች። በዓሉ ገና ነበር። እንድትሰለፍበት ብለው መሸኛ የከለከሏት ሰልፍ ላይ እንኳ አልደረሰችም።

በሞተች በሁለተኛው ቀን ጸሐፊው መዝገብ ይዞ መጣ። ስሟን ለመሰረዝ ምክንያት መጻፍ አለበት። ምን ልበል አለኝ። የፈለግከውን በል አልኩት። "ሞት" ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም የተረፈውን ወተት እንድመልስ ነገረኝ።

ሊቀመንበሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? ኮምፔንሳቶ አስቆርጦ ትልቅ ዝሆን አሠራ። ግራጫ ቀለም አስቀቡት፣ መፈክሩን ጻፉበት፣ አራት ሰው ተሸክሞት ሰልፍ ወጣ። አማረ ተብሎ ተጨበጨበ። ይህን ሳይ ነው እብድ መሆን የቃጣኝ። ከመጀመሪያውም ኮምፔንሳቶው ይበቃ ነበር! ሸክሜ ያን ጊዜ ቆላ ወርዳ ከጠባቂዎቹ ጋር ጫካ መግባት በጀመረች ነበር። ለአንድ ቀን ጭብጨባ፣ እንጨት ሊሠራው ለሚችል ሥራ ገደሏት።

ጋሽ ደምሴ የተመለሱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። መኪናው ላይ የሙዝ ግንድ ለእሷ ብለው ጭነዋል። ከመውረዳቸው "ሸክሜስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ "እኔ ነኝ ያመጣኋት" አሉ። ግንዱን አላወረዱትም፤ ይዘውት ወጡ።

እትዬ ዘነበችን በስተመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "እኔስ አላውቅም ነበር ልጄ፤ እነሱ ያውቁ ነበር" አሉኝ።

ሊቀመንበሩ ከብዙ ዓመት በፊት ሞቷል። ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። እሱን መናደድ ቀላል ነው። የሚከብደኝ ጌታሁን ነው። አብረን አርጅተናል፤ ጥሩ ባል ነው፣ ጥሩ አባት ነው። ስለዚያ ቀን ያወራነው አንዴ ብቻ ነው። "እጄን ባላነሳ፣ እጅሽን ባላነሳ፣ አንቺን ነበር የሚወስዱሽ" አለኝ። ልክ ነው። እንደሚወስዱኝ አውቃለሁ። ልክ መሆኑ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ እንዲያውም አባባሰው። ልክ ባይሆን ኖሮ ተጣልተን እንታረቅ ነበር።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት። ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ "ባሌ እጄን ይዞ አስደገፈኝ" እላለሁ። ለልጆቼም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ጌታሁንም እየሰማ አንድ ቀን ሐሰት ነው ብሎኝ አያውቅም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ ጸሐፊው እኛ ወንበር ሳይደርስ ጌታሁን አንጓዬን ለቆት ነበር። ሁለት ረድፍ ይቀረው ነበር። እጄን የያዘው ማንም አልነበረም፤ ማውረድ እችል ነበር። አላወረድኩትም። ጸሐፊው መጣ፣ በእስክሪብቶው ጠቆመኝ፣ ቆጠረኝ።